አርባ ምንጭ ሄጄ የቤታችንን ኤሊ አየሁት

ልጄ በመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ቤት እረፍት ልጆቹን ይዞ ወደ አርባ ምንጭ ሊሄድ ሲነሳ «እማዬ፣ አንቺስ?» ያለኝ ለይሉኝታ ይመስለኛል። ጉልበቴን ስለሚያመኝ እምቢ ትላለች ብሎ ሳያስብ አልቀረም። እኔ ግን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከአዲስ አበባ የወጣሁት ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነውና ሳልግደረደር «እሺ» አልኩት። ምራቴ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች ቀረች። ልጄ፣ የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ፣ የስድስት ዓመት እህቱና እኔ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርገን ወረድን።

ከምራቴ ጋር አንድ ሌላም ቀርቶ ነበር፤ ኤሊያችን። ባለፈው ሰኔ አንድ ዘመድ ከቆላ ሲመጣ በካርቶን አድርጎ ለልጆቹ አመጣላቸው። ጀርባው እንደ ነብር ጠቃጠቆ ያለበት፣ ከእንጀራ ምጣድ ክዳን በጣም ያነሰ፣ ደልዳላ ኤሊ ነው። ልጆቹ «ቱርቦ» ብለው ሰየሙት፤ በፍጥነቱ መሆኑ ነው። ቀን ሲሚንቶ በተደረገው ግቢ ይውላል፣ ማታ ልብስ ማጠቢያው ሥር ያድራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከጠዋት እስከ ማታ የግቢውን በር በአፍንጫው ሲገፋ ይውል ነበር። «ገበያ ሊሄድ ነው» እያልን እንስቅበት ነበር። ኅዳር ላይ መግፋቱን ተወና አንድ ጥግ ይዞ መቀመጥ ጀመረ። «በቃ፣ ቤቱን ለመደ» አልን። ጎረቤት ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ኤሊ ነው!» ይለዋል። እኔም እል ነበር።

አርባ ምንጭን ያየ ሰው መግለጫ አያሻውም፤ ያላየ ደግሞ በእኔ ወሬ አይጠግብም። ከላይኛው ከተማ ከሼቻ ላይ ቆመው ወደ ታች ሲያዩ በስተግራ ዓባያ ሐይቅ ቀይ አፈር የተበጠበጠበት መስሎ፣ በስተቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጀርባ መሬት ተጋድሟል። ዓሣው ሲነገርለት የኖረውን ያህል ነው። ማንጎውን ልጆቹ ልብሳቸውን እስኪያጨቀዩ በሉት። ሙቀቱ ግን ለእኔ ጉልበት ሐኪም ሆነኝ፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ያለ ከዘራ ስሄድ ልጄ ዘወር ብሎ አየኝ።

በመጀመሪያው ቀን በጀልባ ጫሞ ላይ ወጣን፤ «አዞ ገበያ» ወደሚባለው ዳርቻ። አዞዎቹ አሸዋው ላይ ተዘርግተዋል፣ አንዳንዱ ከጀልባችን ይረዝማል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ብዙዎቹ አፋቸውን በልቅጠው ፀጥ ብለዋል። ትንሿ ልጅ ክንዴን ጨምድዳ «እማማ፣ ተቆጥቶ ነው?» አለች። ጀልባ ነጂው ሳቀና «አይደለም የኔ ቆንጆ፣ ሞቆት ነው፤ አፉን ከፍቶ ነው የሚቀዘቅዘው» አላት። እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝማ። የሳይንስ መጽሐፎቻችን ገበሎ አስተኔ የሚሏቸው እንስሳት፣ እነ አዞ፣ እባብ፣ እንሽላሊትና ኤሊ፣ የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከውጭ ነው። ሲበርዳቸው ፀሐይ ላይ ይወጣሉ፣ ሲሞቃቸው ጥላ ወይም ውኃ ይገባሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስናያቸው አንዱ ተነስቶ ውኃ ገባ፣ ሌላው ወጥቶ ቦታውን ያዘ፣ አንድ ግዙፍ ሲጠጋ ትንሹ ፈቀቅ አለለት። ዝም ብለው የተጋደሙ ይመስሉ የነበሩት ሁሉ ቀስ እያሉ አንድ ነገር እየመረጡ ነበር። ይህንን ያስተዋልኩት ግን ያኔ ሳይሆን በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ወደ አዞ እርባታው ሄድን። ከከተማው ወጣ ብሎ በዓባያ ሐይቅ በኩል የሚገኝ፣ ከተመሠረተ አርባ ዓመት ያለፈው ግቢ ነው። የናይል አዞ ጫጩቶች በሲሚንቶ በተሠሩ፣ ገንዳም ደረቅ መሬትም ባላቸው ክፍሎች በየዕድሜያቸው ተለይተው ያድጋሉ፤ ጎብኚ በግንቡ ላይ ተጠግቶ ወደ ታች ያያቸዋል። አስጎብኚያችን ወጣት፣ ትሑት ልጅ ነበር። እናት አዞ ሃምሳ ያህል እንቁላል አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሦስት ወር ገደማ እንደምትጠብቅ፣ ጫጩቶቹ እንቁላሉ ውስጥ ሆነው ሲጮኹ ጎጆውን ቆፍራ በአፏ ተሸክማ ወደ ውኃ እንደምትወስዳቸው፣ ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውም የሚወሰነው በጎጆው ሙቀት እንደሆነ ነገረን። ሠላሳ ዓመት እናቶችን ሳዋልድ ኖሬ የዚያን ቀን ነው ለአዞ እናትነት ያዘንኩት።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስናገር አፍራለሁ። የክንድ ርዝመት ያላቸው ትንንሽ አዞዎች ያሉበት ክፍል ደረስን። አንዳቸውም ንቅንቅ አይሉም። ወንዱ ልጅ «ፕላስቲክ ናቸው እንዴ?» ሲል፣ ላስቀው ብዬ በያዝኩት የውኃ ኮዳ የግንቡን አናት ደጋግሜ አንኳኳሁ። እነዚያ «ፕላስቲኮች» በአንድ ጊዜ ፈነዱ ማለት ይቻላል። ሁሉም ወደ አንዱ ማዕዘን ሮጠው አንዱ ባንዱ ላይ ተከመሩ። ከሥር ያሉት ጭራ ብቻ ነው የሚታየው። ልጁ ሳቀ። አስጎብኚው አልሳቀም።

«ማዘር፣ ይቅርታ፣ እባክዎ አያንኳኩ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲደነግጡ እንዲህ ይከመራሉ። ከሥር ያለው ይታፈናል፣ ይቧጨራል። ተደጋግሞ ከደነገጡ መብል ይተዋሉ፤ መብል የተወ ደግሞ አያድግም።»

«አላወቅኩም ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ከዚያ የሥራ ነገር አልለቀኝ ብሎ ጠየቅኩት፦ «ግን እንዲህ ዝም ካሉ፣ አንዱ ሲታመም በምን ታውቃላችሁ? አይጮኽ፣ አያቃስት፣ ፊቱ አይጠቁር።»

ጥቂት አሰበና «ከመብሉ የተረፈውን በማየት ነው። ከዚያ ደግሞ ተለይቶ የሚቀመጠውን፣ ከእኩዮቹ አንሶ የቀረውን፣ ጭራው ላይ የተነከሰውን እናያለን» አለ። ከዚያም እንደ ዋዛ «ዋናው ግን ማዘር፣ ሁልጊዜ የሚተኛበትን ቦታ ካወቁ፣ ዛሬ እዚያ ከሌለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል መራን።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ወደ ኋላ፣ ወደ አንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ወሰደኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ በሽተኛው ብዙ፣ ነርሷ እኔ ብቻ። የሚጮኸው፣ የሚጣራው፣ የሚሳደበው ሁሉ ጊዜዬን ወሰደው። መስኮቱ ጋ ትናንት ቀዶ ጥገና የተደረገላት አንዲት ሴት አንዴም አልጠራችኝም። በቻርቷ ላይ «በደህና አድራለች» ብዬ ጻፍኩ። ሊነጋጋ ሲል የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አስቀምጣ መጣችና «ሲስተር፣ ያቺ የመስኮቱ ሴትዮ በየጠዋቱ ‹በርቺ› ትለኝ ነበር። ዛሬ አላለችኝም» አለችኝ። ሄጄ እጇን ስይዘው ቀዝቅዞ ረጥቧል፤ የልብ ምቷ እንደ ክር ቀጥኖ ይጋልባል። ውስጥ ውስጡን ስትደማ ነበር ያደረችው። ሐኪሞቹ ደረሱላት፣ ተረፈች። ያተረፋት ግን ዲፕሎማ ያለኝ እኔ ሳልሆን፣ ሴትዮዋ ከሌሎች ቀናት መለየቷን ያስተዋለችው ያቺ ባለ ባልዲ ነበረች።

ያ ጠዋት ከዚያ በኋላ ያስተማርኳቸውን ተማሪዎች ሁሉ ያስለፈለፈኝ ጠዋት ነው። «የሚጮኸውን ማንም ያየዋል፤ ዝም ያለው ጋ ሂዱ» እላቸው ነበር። ቤቴ ስገባ ግን ጥግ ይዞ ዝም ያለውን ኤሊ «ጨዋ» ስለው ከረምኩ።

ከግቢው ስንወጣ ትንሿ ልጅ «ሲያድጉ ወዴት ይሄዳሉ?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው አባቷን አየና ቆዳቸው ለጫማና ለቦርሳ ወደ ውጭ አገር እንደሚሸጥ በቀስታ ነገራት። እስከ መኪናው ድረስ አልተናገረችም። በበዓል የበግ ቆዳ የምንዘረጋ ሰዎች ለማንም የምንሰብከው የለንም ብዬ ዝም አልኩ። ሆኖም እስከዚያ ቀን ድረስ ያለው እያንዳንዱ ቀን በሰው እጅ የሚያልፍ ነው፤ እሱን ለማየት ደግሞ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

አዲስ አበባ እንደገባን ድሮ በሥራ የማውቃት አንዲት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ደወልኩ። ወሬያችን ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ሁለት ጡረተኞች ስልክ ሲይዙ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። በኋላም የሚነበብ ላከችልኝ። ከነገረችኝና ካነበብኩት ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

ሰው ሲጨነቅ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን በደሙ ውስጥ ይጨምራል። በገበሎ አስተኔዎች ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ወንድሙ ኮርቲኮስትሮን ነው። ታዲያ ደም ቀድቶ መለካት ነዋ! ትሉ ይሆናል። ችግሩ እንስሳውን መያዙ ራሱ ሆርሞኑን ያስነሳዋል፤ ደሙ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ካልተቀዳ የለካችሁት ያስደነገጣችሁትን ድንጋጤ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች እንስሳውን ሳይነኩ ኩሱን ሰብስበው ያለፉትን ቀናት ሆርሞን ከዚያ ያነባሉ። በደም ምርመራ የነጭ ሕዋሳቱንም ዓይነት ይቆጥራሉ፤ ጭንቀት የአንዱን ዓይነት ቁጥር ከሌላው ስለሚያስበልጠው። ያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ የተጨነቀ እንስሳ ሆርሞኑ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ አይገኝም፤ በአንድ ቁጥር ብቻ ፍርድ አይሰጥም።

የልብ ምቱ ነገር ደግሞ ለነርስ ጉድ ነው። እኛ ስንፈራ ልባችን ይደልቃል። አሊጌተር የሚባለው የአሜሪካ አዞ ግን ፈርቶ ውኃ ውስጥ ሲሰወር የልቡ ምት ይቀንሳል። እኔ ሰዓቴን ይዤ ብለካው «በጣም ተረጋግቷል» ብዬ እጽፍለት ነበር ማለት ነው።

ከሁሉም የከነከነኝ የትኩሳቱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በበረሃ ኢጓና፣ ማለትም በአንድ የእንሽላሊት ዓይነት፣ ላይ የተደረገ ጥናት አለ። እንሽላሊቶቹ በባክቴሪያ ሲለከፉ ከወትሮው ይበልጥ ሞቃት የሆነ ቦታ መርጠው ይቀመጣሉ፤ ትኩሳታቸውን ከፀሐይ ይበደራሉ እንደማለት ነው። ቀዝቃዛ ቦታ እንዲቆዩ የተደረጉት ብዙዎቹ ሞቱ። የልጆቻችን ሰውነት ሲታመሙ ራሱ ይሞቃል። ኤሊ ግን የሚሞቅበት ቦታ ከሌለው በሽታውን የሚዋጋበት ትኩሳት እንኳ የለውም። ይህንን ሳነብ ልብስ ማጠቢያው ሥር ያለውን፣ በኅዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርደውን የአዲስ አበባ ሲሚንቶ አሰብኩት።

መሰልቸትም ያማቸዋል። ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ «ፒግፌስ» የሚባል ለስላሳ ቅርፊት ያለው የናይል ኤሊ ለብዙ ዓመታት ብቻውን ይኖር ነበር። አንገቱን በጥፍሩ እየቧጨረ፣ የፊት እግሮቹን እየነከሰ ራሱን ያቆስል ጀመር። ተንከባካቢዎቹ ኳስ፣ እንጨትና ቀለበት ገንዳው ውስጥ ሲጨምሩለት መጫወት ያዘ፣ ራሱን ማቁሰሉም ቀነሰ። ጎርደን ቡርግሃርት የተባሉት የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ጽፈውታል። ኤሊ ይጫወታል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር።

የቱርቦ በር መግፋትም ስም አለው። ወዳጄ እንዳስረዳችኝ፣ ግድግዳ ወይም መስታወት ሳያቋርጡ መግፋትና በአፍንጫ ማሸት በእስር ያለ ገበሎ አስተኔ መውጫ የሚፈልግበት የታወቀ ምልክት ነው። መግፋቱን ሲተው ለመደ ብለን ያልነው፣ እሷ እንዳለችው፣ በርዶት አቅም ስላነሰው ነው።

ከአርባ ምንጭ እንደተመለስን ገና ሻንጣ ሳይራገፍ ነው ያየሁት። ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፣ ቆዳው አንገቱ ላይ ተጨማዷል፤ ውኃ ያነሰው ሕፃን መስሎ ታየኝ። ምራቴን «መቼ በላ?» ብላት ደነገጠች። የሚቀርብለት የዳቦ ፍርፋሪና ጎመን በየቀኑ ይጠረጋል፤ እሱ ይብላው ወፍ ይብላው ያየ ሰው የለም። በአንድ ቤት አምስት ሰው እያለ!

ልጁን ጠርቼ የሒሳብ ደብተሩን የኋላ ገጾች አሰመርኩት። ቻርት ነው። ቀን፣ ክብደት፣ የበላው፣ ያደረበት ቦታ፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ኩስ። ክብደቱን ምራቴ ኬክ በምትሠራበት ሚዛን በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሳናስደነግጥ እንለካለን። የመጀመሪያው ቀን 1340 ግራም ነበር። ኤሊ ያላችሁ ወላጆች፣ አፍንጫው አረፋ ካወጣ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ቅርፊቱ ከለሰለሰ ቻርት ሳትጠብቁ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሐኪሟ መጥታ አየችው። የሳንባ ምች የለበትም አለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዳቦውን አስጣለችን፤ ሣር በሊታ ነውና ሣር፣ በላዩም ለብ ባለ ዝቅተኛ ውኃ በየጊዜው መዘፍዘፍ አዘዘች። ልጄ የግቢውን አንድ ጥግ ሲሚንቶ ሰብሮ አፈር ሞላበት፣ ሣር ተከለበት። የሚደበቅበት የሣጥን ቤት ተሠራለት፤ ማታ ለዶሮ ጫጩት የሚሰቀለው ዓይነት ሞቃት አምፖል ይበራለታል። መብራት የጠፋ ዕለት በሙቅ ውኃ የተሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልለን ከሣጥኑ ጎን እናስጠጋለን። ጠዋት ፀሐይ ላይ ይውላል። እናቶች፣ ሕፃን ፀሐይ የምታሞቁት አጥንቱ እንዳይጣመም አይደል? እሱም ለቅርፊቱ ያንኑ ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል፤ በመስኮት መስታወት በኩል የምትገባ ፀሐይ ለሕፃኑም ለኤሊውም እንደማትበቃ ላስታውሳችሁ።

በሁለተኛው ሳምንት 1325 ወረደ። ልጁ ደብተሩን ይዞ መኝታ ቤቴ መጣና አለቀሰ። በሦስተኛው 1330። በአምስተኛው 1365።

አንድ ያልጨረስነው ጉዳይ አለ። ወዳጄ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ቤት ማኖር በሕግ እንደማይፈቀድ ነገረችን። አንዴ ሰው ቤት የኖረን ኤሊ ደግሞ እንዲሁ ወስዶ ሜዳ ላይ መልቀቅ ለእሱም ለዱሮቹም በሽታ ሊያመጣ ይችላልና በባለሙያ በኩል መሆን አለበት። ልጄ ወደ ዱር እንስሳት ባለሥልጣኑ ቢሮ ሄዶ ጠይቆ መጥቷል፤ የእርሱ ተራ ሲደርስ እንወስደዋለን። ትንሿ ልጅ ነገሩን የሰማችው በበር ሥር ነው፤ ሁለት ቀን አኮረፈችን። ወንዱ ግን አልተከራከረም። «እማማ፣ ስንሰጣቸው ደብተሩንም እንስጣቸው፤ ሁልጊዜ የት እንደሚተኛ አያውቁም እኮ» አለኝ።

ትናንት ማታ ደብተሩን ገልጬ አየሁት። በተጣመመ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ። ሣር በላ። ኩስ አለ። ዓይኑ ጥሩ ነው። ዛሬ በር ሲገፋ ዋለ።»